ለስድስት ሰዓት የቦሌ ቆይታ ላውንጁ ይበቃል ወይ?

እናታቸውን ይዘው በፍልሰታ ጾም ከጎንደር በአዲስ አበባ በኩል ወደ ዋሽንግተን፣ ከዚያም በዩናይትድ አየር መንገድ ወደ ዴንቨር የሚጓዙት እህታችን የጠየቁት ሦስት ነገር ነው። ትኬታቸው ኢኮኖሚ ክላስ ቢሆንም የሺባማይልስ (የኢትዮጵያ አየር መንገድ የደንበኞች የማይል ፕሮግራም) ጎልድ አባል በመሆናቸው ወደ ላውንጅ፣ ማለትም ወደ ልዩ የተሳፋሪዎች ማረፊያ ክፍል፣ ይገቡ እንደሆነ፣ እናታቸውንም ማስገባት ይችሉ እንደሆነ፣ ስድስቱን ሰዓት እዚያ ከማሳለፍና ቦሌ አካባቢ ካለ ዘመድ ቤት ከማረፍ የትኛው እንደሚሻል ነው። አባቴን፣ ኋላም አክስቴን ይዤ በዚሁ መንገድ የተመላለስኩ በመሆኔ ያየሁትን እጽፋለሁ።

የሁለቱ ጥያቄዎች መልስ አጭር ነው፤ እርስዎም ይገባሉ፣ እናትዎንም ያስገባሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2004 ዓ.ም. ስታር አሊያንስ የተባለውን የአየር መንገዶች ኅብረት ከተቀላቀለ ወዲህ የሺባማይልስ ጎልድና ፕላቲነም ካርዶች በኅብረቱ ዘንድ የስታር ጎልድ ደረጃ አላቸው። የስታር ጎልድ አባል የሚቀመጥበት ክላስ ምንም ይሁን ምን፣ በዕለቱ በኅብረቱ አባል አየር መንገድ የሚበር ከሆነ ወደ ላውንጅ ይገባል፤ አብሮት የሚበር አንድ እንግዳም ያስገባል። ሲልቨር ግን ይህን መብት አይሰጥም። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ካርድ የሌለው የቢዝነስ ክላስ ተሳፋሪ በኅብረቱ ደንብ መሠረት እንግዳ ማስገባት አለመቻሉን ነው፤ ስለዚህ በእርስዎ ሁኔታ ካርዱ ከውድ ትኬት ይልቅ ይጠቅማል። እንግዳ የተባለው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን ግን አይዘንጉ። ወንድምዎም አብሮ የሚሄድ ከሆነ ከሦስቱ አንዱ ውጭ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ደጅ ላይ ከመከራከር አስቀድሞ ቤተሰብ ውስጥ መነጋገሩ ይሻላል።

ሦስተኛው ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። የአንድ ላውንጅ ምቾት የሚወሰነው በወንበሩ ወይም በምግቡ ሳይሆን በሚገቡበት ሰዓት ነው ብዬ አምናለሁ። በቦሌ በረራዎች ቀኑን ሙሉ እኩል ተከፋፍለው አይመጡም። ማለዳ ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከእስያ የሚመጡት አውሮፕላኖች ተከታትለው ያርፉና ተሳፋሪዎቻቸው በረፋዱ ወደ አፍሪካ ከተሞች ይበተናሉ፤ ምሽት ላይ ደግሞ ከአፍሪካ ከተሞች የሚመጡት ይደርሱና በሌሊቱ ወደ አውሮፓ፣ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ፣ ወደ እስያና ወደ አሜሪካ ይነሣሉ። አየር መንገዱ አህጉሩን ከሌላው ዓለም ጋር የሚያገናኘው በዚህ አሠራር በመሆኑ ይህ የተሳፋሪዎች ማዕበል የአስተዳደር ጉድለት ሳይሆን የሥራው ባሕርይ ነው። ለላውንጅ ተጠቃሚ ግን ውጤቱ ግልጽ ነው፤ ከቀትር በኋላ ሰፊና ጸጥተኛ የሆነው ክፍል ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ጀምሮ የሠርግ ድንኳን ይመስላል። ሁለት ወንበር ጎን ለጎን የሚፈልግ ሰው ከዚያ በፊት መቀመጥ ይኖርበታል።

ስለዚህ የእኔ ምክር ስድስቱን ሰዓት መክፈል ነው። ከጎንደር የሚመጣው አውሮፕላን የሚያሳርፋችሁ በአገር ውስጥ ተርሚናል ነው፤ ላውንጁ ያለው ደግሞ በዓለም አቀፉ ተርሚናል፣ ከኢሚግሬሽን ወዲያ ነው። ፓስፖርት ላይ የመውጫ ማኅተም ካስመቱ በኋላ ሐሳብ ለውጦ ወደ ዘመድ ቤት መመለስ ቀላል አይደለም። ዘመድዎ በእርግጥ ቦሌ አካባቢ የሚኖሩ ከሆነ እናትዎ መጀመሪያ እዚያ ሄደው ጋደም ይበሉ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ከቤት የተሠራ የጾም ምግብ ይብሉ፤ ከዚያ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ላውንጅ ውስጥ ለመገኘት አስቡ። የዘመድ ቤቱ ሰሚት ወይም ጀሞ ከሆነ ግን፣ በነሐሴ ዝናብና በአዲስ አበባ የመንገድ መጨናነቅ ላይ ተመርኩዞ ዕቅድ ማውጣት ስለማያዋጣ በቀጥታ ወደ ተርሚናሉ ሂዱ። ዘመድ ቤት የሚበላው ሽሮ የትም እንደማይገኝ አውቃለሁ፤ ዘመድ ደግሞ ቶሎ እንደማይለቅ እርስዎም ያውቃሉ።

ላውንጁ የሚሰጠው እውነተኛ ምቾት ከላይ ከሚታየው ጌጥ ይልቅ ጥቃቅኑ ነገር ነው፤ ንጹሕ መጸዳጃ በቅርብ መገኘቱ፣ ስልክ እየሞላ መቀመጥ መቻሉ፣ ለአሥራ ሰባት ሰዓት ገደማ በረራ ከመግባት በፊት ፊትን ታጥቦ ልብስ መቀየሩ፣ ትኩስ ሾርባና ጀበና ቡና መኖሩ ነው። አገራዊ ምግብም ይቀርባል፤ አክስቴ እንጀራ ባየች ጊዜ ፊቷ መብራቱን አልረሳም። የገላ መታጠቢያ የሚፈልጉ ከሆነ ግን ገና ሲገቡ አስተናጋጇን ይጠይቁ፤ ማዕበሉ ከደረሰ በኋላ ወረፋ አለው። መግቢያው ላይ ያሉት ሠራተኞች ካርድዎን አይተው ወደሚገባዎት ክፍል ይመሩዎታል።

ጾሙን በሚመለከት ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ምስርና ጎመን ስለታየ ብቻ የጾም ነው ብሎ ማመን አይቻልም፤ በቡፌ ላይ ጭልፋ ከአንዱ ሳህን ወደ ሌላው ይዘዋወራል፣ ሾርባ ውስጥም ክሬም ሊገባ ይችላል። ክሮሳንትና ኬክ ቅቤ አለባቸው፤ ማኪያቶም ወተት ነው። ተሸማቅቀው ሳይቀሩ “ይህ የጾም ነው ወይ?” ብለው ወጥ ቤቱን ያስጠይቁ፤ ጥያቄው ለእነርሱ እንግዳ አይደለም። የአውሮፕላኑን ምግብ ግን እዚያ ደርሶ መጠየቅ አይበቃም፤ ከበረራው ቢያንስ 24 ሰዓት አስቀድሞ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ የሆነውን ልዩ ምግብ ማዘዝ ይገባል። በሦስት ቋንቋ ይቅርታ ቢጠየቅም በሰማይ ላይ የሌለ ሳህን አይመጣም።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ ልለፍ፤ ይህን የምለው ስለ አንድ ላውንጅ ሳይሆን ስለተቀመጥኩባቸው ሁሉ ነው። የላውንጅ ወንበሮች የተሠሩት ለፎቶግራፍ እንጂ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰዎች አይመስልም፤ ዝቅ ያሉና ጥልቅ በመሆናቸው አንድ አረጋዊ ከተቀመጡ በኋላ ለመነሣት ሁለት ሰው ያስፈልጋቸዋል። እናትዎን በምግብ ጠረጴዛዎቹ ዘንድ ባሉት ቀጥ ያሉ ወንበሮች ላይ ያስቀምጧቸው። ተጋድሞ ለመተኛት የሚሆነው ቦታ ጥቂት ነው፤ ያም ቀድሞ ለገባ ሰው ነው። የነሐሴ ምሽት ቀዝቃዛ ስለሆነ ጋቢያቸውን በሻንጣ ውስጥ አስቀምጠው እንዳይልኩት። በአብዛኞቹ ላውንጆች የመሳፈሪያ ጥሪ በድምፅ ማጉያ አይሰማም፤ ሰሌዳውን እየተመለከቱ ራስዎ መነሣት አለብዎ። ወደ አሜሪካ ለሚሄድ በረራ በር ላይ ተጨማሪ የዕቃ ፍተሻ ስላለ ደግሞ ሌሎች ተሳፋሪዎች ገና ሻይ ሲጠጡ እናንተ መንገድ መጀመር ይኖርባችኋል። በጠርሙስ የያዙት ውኃ እዚያ ሊቀር ስለሚችል አስቀድመው ይጠጡት።

ከሁሉ በላይ የማሳስበው የዊልቸር ጉዳይ ነው። አገልግሎቱን ትኬት ሲቆርጡ ያስመዝግቡ፤ በዕለቱም ረዳቱን “ወደ መጠበቂያው ሳይሆን ወደ ላውንጅ ያድርሱን፤ በዚህ ሰዓትም ተመልሰው ይውሰዱን” ብለው በግልጽ ይነጋገሩ፣ የአለቃውንም ስልክ ይያዙ። ስሙን ማንሣት በማልፈልገው አንድ አውሮፕላን ማረፊያ ረዳቱ ላውንጅ አድርሶን ወንበሩን ይዞ ከሄደ በኋላ ሳይመለስ ቀረ፤ የላውንጁ ሠራተኞች የእኛ ሥራ አይደለም አሉ፣ የበሩ ሠራተኞችም እንዲሁ፤ አባቴ ያን ሁሉ ርቀት በከዘራ ተራመደ። ላውንጅ ከበሩ የራቀ ከሆነ ለአረጋዊ ሰው በበሩ አጠገብ ያለው ተራ ወንበር ይሻላል ብዬ ያሰብኩት ያን ቀን ነው፤ አሁንም ረዳቱ ቁርጥ ያለ ሰዓት ካልሰጠ በስተቀር አሳቤን አልለወጥኩም።

ስለ ዋሽንግተኑ ቆይታ አልጠየቁም፣ ነገር ግን ይጠቅማችኋል። በዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ከኢሚግሬሽን በኋላ ሻንጣችሁን ወስዳችሁ ለዴንቨሩ በረራ እንደገና ታስረክባላችሁ፤ ፍተሻውን ስታልፉ ዩናይትድ ክለብ የተባሉትን የአየር መንገዱን ላውንጆች ሲ (C) እና ዲ (D) በተባሉት የመሳፈሪያ በሮች ክፍሎች ታገኛላችሁ። የዩናይትድ የራሱ ጎልድ አባላት በአገር ውስጥ በረራ ብቻ ሲጓዙ በዚህ ደረጃቸው ወደ ክለቡ አይገቡም፤ በሌላ አየር መንገድ የተሰጠ የስታር ጎልድ ካርድ የያዘ ሰው ግን በአገር ውስጥ በረራም ይገባል፣ እንግዳውንም ያስገባል። ምግቡ ቀለል ያለ ነው፤ ለእናትዎ ግን ከረዥሙ በረራ በኋላ ሙቅ ነገር ጠጥተው እግራቸውን የሚያፍታቱበት ቦታ ይሆናል። የዚህ ሁሉ መነሻ የሺባማይልስ ቁጥርዎ በሁለቱም በረራዎች ላይ መመዝገቡ ነው። በዩናይትድ በኩል ሌላ የማይል ሒሳብ ካለዎት ሲስተሙ እርሱን ሊያስገባ ስለሚችል፣ የዴንቨሩን የመሳፈሪያ ካርድ ሲቀበሉ የስታር አሊያንስ ጎልድ ምልክት መታተሙን ይመልከቱ፤ ከሌለ ከመስተናገጃ ጠረጴዛው ሳይለቁ ያስተካክሉት።