«ነካ»፣ «ነክቶ ኖሯል» ወይስ «ሳይነካ አልቀረም»?

ጥያቄ፦ ደሴ ከተማ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 2013 በአሜሪካ ኦክላሆማ፣ ኤል ሪኖ አጠገብ ስለተነሣው ቶርኔዶ (ከደመና ወርዶ መሬት የሚነካ አዙሪት ነፋስ) የተሠራውን የራዳር ትንተና ለተማሪዎቼ በአማርኛ ጻፍኩላቸው። «አውሎው መሬት ነካ» ያልኩትን አንድ ባልደረባዬ «ነክቶ ኖሯል» ብሎ አረመው። ሌላው ደግሞ «ሳይነካ አልቀረም» ይሻላል አለ። የቱ ነው ትክክሉ? «ነበረ» እና «ነበር»ስ ይለያያሉ?

መልስ፦ መምህር፣ ሦስቱም ጥሩ አማርኛ ነው። ሦስቱ ግን አንድ ነገር አይናገሩም። የሚለያዩት በእጅዎ ባለው ማስረጃ ነው።

የደላንታን ገበሬ ያስቡት። ጠዋት ሲወጣ የበልግ ገብሱ መሬት ላይ ተነጥፎ ያገኘዋል። «በረዶ መትቶት ኖሯል» ይላል። በረዶው ሲወርድ አላየም፤ ያየው የተወውን ምልክት ነው። ሲወርድ ቆሞ ያየ ልጁ ግን «መታው» ብሎ ይጨርሳል። ሌሊት የጣሪያ ቆርቆሮ ሲንጫጫ የሰማና ማሳውን ገና ያላየ ጎረቤትስ? «ሳይመታው አልቀረም» ነው የሚለው። ማንም አላስተማራቸውም፤ አይሳሳቱም።

የአየር ጠባይ ተመራማሪዎችም ማዕበሉ ካለፈ በኋላ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። መረጃው ተደርድሮ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ መረጃ የየራሱን ግሥ ይፈልጋል።

መጀመሪያ ራዳሩ። ዶፕለር ራዳር ነፋስን በቀጥታ አያይም። የዝናብ ጠብታና ብናኝ ወደ እሱ ሲመጣ ወይም ከእሱ ሲርቅ ያለውን ፍጥነት ይለካል። ጎን ለጎን አንዱ ሲመጣ ሌላው ሲርቅ ካሳየ፣ ደመናው ውስጥ ሽክርክሪት አለ ማለት ነው። ሱፐርሴል የሚባለው እንዲህ ያለ፣ ወደ ላይ የሚወጣው አየር ረዘም ላለ ጊዜ የሚሽከረከርበት ነጎድጓዳማ ደመና ነው። እዚህ ላይ «ደመናው ይሽከረከር ነበር» ቢሉ የሚከስዎት የለም።

ችግሩ መሬት ላይ ነው። የራዳሩ ጨረር በግማሽ ዲግሪ ቀና ብሎ ሲወጣ፣ 100 ኪሎ ሜትር ርቆ ሲደርስ ከመሬት ወደ 1.5 ኪሎ ሜትር ከፍ ይላል። የምድር ክብነትም አለበት። ከዚያ በታች ያለውን አያይም። ደግሞም ከሚሽከረከሩት ደመናዎች አብዛኞቹ ቶርኔዶ አይወልዱም። ስለዚህ ሽክርክሪቱን ከሩቅ ያየ ሰው «መሬት ነካ» ቢል ካየው በላይ ተናገረ። «ነክቶ ሊሆን ይችላል» ይበል። ሽክርክሪቱ ጠባብና ኃይለኛ ከሆነ «ሳይነካ አልቀረም» ይበል።

«ነክቶ ኖሯል» የሚመጣው ፍርስራሹ ሲታይ ነው። ዛሬ ያሉት ራዳሮች የጨረሩን ሞገድ ወደ ጎንም ወደ ላይም እያወዛወዙ ስለሚልኩ፣ የዝናብ ጠብታን ከተሰባበረ እንጨትና ቆርቆሮ ይለያሉ። በሽክርክሪቱ መሐል ስብርባሪ ወደ ላይ ተነሥቶ ከታየ፣ ከታች የሆነ ነገር ተነቅሏል። በማግስቱ በእግር የሚሄደው የጉዳት መርማሪም እንደዚሁ «ኖሯል» የማለት መብት አለው። (ተመራማሪው መጀመሪያ ለካ፤ ቀጥሎ «ለካስ!» አለ። ፊደሉ እንዴት እንደሚጫወት ይመልከቱልኝ።)

«ኖሯል» ግን መጠነኛ መገረም አለው። ሲጠብቁት የነበረ ነገር ከሆነ «መንካቱ ተረጋግጧል» ይሻላል። በብዙ ቁጥርም አይለወጥም፤ «ጣሪያዎቹ ተነቅለው ኖሯል» ነው። «ተነቅለው ኖረዋል» ካሉ ጣሪያዎቹ እንደተነቀሉ ዘመናቸውን ገፉ ማለት ይሆናል።

አሁን ወደ ኤል ሪኖ። ያን ቀን ተመራማሪዎች በመኪና የተጫነ ራዳር ይዘው ቀርበው ነበር። በሰዓት ከ470 ኪሎ ሜትር በላይ ፍጥነት ለኩ። የቶርኔዶው ስፋት ወደ 4.2 ኪሎ ሜትር ነበር። በዚህ ልኬት መሠረት በቶርኔዶ መለኪያ ከፍተኛው፣ 5ኛ ደረጃ ተሰጠው። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ወደ 3ኛ ወረደ። ምክንያቱም የተሻሻለው የፉጂታ መለኪያ የሚመዝነው ጉዳትን ነው፤ ቶርኔዶው ያለፈው በአመዛኙ በሜዳ ላይ ስለነበር 5ኛ ደረጃ የሚያሰጥ ፍርስራሽ አልተገኘም። ስለዚህ «ከ470 በላይ ተለካ» እውነት ነው፤ «ጉዳቱ 3ኛ ደረጃ ነው»ም እውነት ነው። ሁለተኛውን ይዘው «ነፋሱ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ነበር» ቢሉ ግን ግምትን እንደ ልኬት አቀረቡ። ጋዜጦቻችን በብዛት የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ከጉዳት የተገኘ ፍጥነት ምንጊዜም «እንደሚገመተው» ይፈልጋል።

የፊኛው መረጃም እንዲሁ ነው። በዓለም ዙሪያ የሙቀት፣ የእርጥበትና የነፋስ መለኪያ የያዙ ፊኛዎች በቀን ሁለት ጊዜ ይለቀቃሉ፤ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 9 እና ከቀኑ 9 ገደማ። ፊኛው ማዕበሉ ባለበት ቦታና ሰዓት የመለቀቁ ዕድል ጠባብ ነው። ስለዚህ «አየሩ እርጥበት ነበረው» የሚባለው ፊኛው ላለፈበት ቦታ ብቻ ነው። ማዕበሉ ወደ ውስጡ ለሳበው አየር «ሳይኖረው አልቀረም» ይበሉ።

አንድ ጥንቃቄ። «ነካ» ለዓይን ምስክር ብቻ የተፈቀደ አይደለም። ማናችንም ዐድዋ ላይ አልነበርንም፤ ግን «ጦሩ ድል አደረገ» እንላለን። ነገሩ አንዴ ከጸና ተራው ኃላፊ ግሥ ይበቃዋል። ኤል ሪኖ ላይ የደረሰውን ሰዎች በዓይናቸው አይተዋል፣ ቀርጸዋል፣ ሞተውበታልም። ስለዚህ የእርስዎ «ነካ» ትክክል ነው፤ አይሰርዙት። የባልደረቦችዎን ግሦች ትንተናው ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደተደረሰበት ለሚተርከው አንቀጽ ይጠቀሙባቸው። «ተብሏል» ብሎ መገላገልን ግን አልመክርም፤ ማን እንዳለው ይጻፉ።

«ነበረ» እና «ነበር»? ከሌላ ግሥ ጋር ሲሄድ «ይነፍስ ነበር»፣ «ነፍሶ ነበር» ነው፤ «ይነፍስ ነበረ» ለጆሮ ይከብዳል። ብቻውን ሲቆም «ኃይለኛ ነፋስ ነበረ» ወይም «ነበር» ቢሉ ሁለቱም ያስኬዳል። እኔ «ነበረ»ን እመርጣለሁ።