አንድ ጎል ብቻ አግብቶ ሻምፒዮን

ልጆች፣ እንዴት ናችሁ? ሜልበርን ውስጥ ብዙ ዘመን የሠራሁ፣ አሁን ጡረታ የወጣሁ መሐንዲስ ነኝ። እዚህ ከተማ ተቀጥሮ ስለ ፉቲ፣ ማለትም ስለ አውስትራሊያውያን የራሳቸው እግር ኳስ፣ ምንም ሳያውቁ መኖር ይከብዳል። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ውስጥ ሌላ ወሬ የለም፣ ከዋናው ፍጻሜ በፊት ያለው ዓርብ ደግሞ ሜልበርን ባለችበት በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ሥራ ዝግ ነው። እኔም እያደር ወደድኩት፣ በተለይ የድሮውን ታሪክ።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ፦ ኳሱ ሞላላ ነው፣ በሁለቱም ጫፍ አራት አራት ቋሚዎች አሉ። በመሐለኞቹ ሁለት መካከል በእግር መትታችሁ ካሳለፋችሁ ጎል ነው፣ 6 ነጥብ። ትንሽ ስታችሁ በዳሩ ካለፈ ቢሃይንድ ይባላል፣ 1 ነጥብ። በቪክቶሪያ እስከ 1896 ቢሃይንድ ይመዘገባል እንጂ ለውጤት አይቆጠርም ነበር። በ1897 ስምንት ክለቦች ከነባሩ ማኅበር ወጥተው የራሳቸውን ሊግ ሲጀምሩ ግን መቆጠር ጀመረ።

የዚያ የመጀመሪያ ዓመት ዋንጫ እንዴት እንደተወሰነ ልንገራችሁ። ያኔ ዋና ፍጻሜ የሚባል ነገር ገና የለም። አራቱ ምርጥ ክለቦች እርስ በርስ ይጋጠማሉ፣ ብዙ ያሸነፈ ይወስዳል፣ አለቀ። ኤሰንደን ጂሎንግንና ኮሊንግዉድን አሸንፎ ወደ መጨረሻው ጨዋታ መጣ። ተጋጣሚው የሜልበርን ክለብ ነበር፣ ሁለቱንም ተሸንፎ ዋንጫው ከእጁ የወጣ። ሌክ ኦቫል ሜዳ ላይ፣ መስከረም 4 ቀን 1897 (በፈረንጆቹ)፣ ጨዋታው ሲያልቅ ኤሰንደን 1 ጎልና 8 ቢሃይንድ፣ ሜልበርን 0 ጎልና 8 ቢሃይንድ። 14 ለ 8! በየቡድኑ 20 ሰው ሙሉ ጨዋታ ሲሯሯጥ ውሎ በመሐለኞቹ ቋሚዎች መካከል ያለፈችው ኳስ አንዲት ብቻ ነች።

መዝገቡ ላይ ኤሰንደን ሻምፒዮን፣ ሜልበርን ከአራቱ አራተኛ ነው። የዚያን ቀን ብቻ ካያችሁ ግን ሁለቱም ስምንት ስምንት ጊዜ ለጥቂት ስተዋል። ከአንዲት ምት በቀር አይለያዩም።

እኔ በሥራ ዘመኔ ብዙ የቅጥር ኮሚቴ ላይ ተቀምጫለሁ። አንደኛ የወጣውና ሁለተኛ የወጣው ልጅ ብዙ ጊዜ እንደዚህ ነበሩ። አንዱ አንድ ጥያቄ ላይ ጥሩ ምሳሌ ሰጠ፣ ሌላው ደነገጠ። በቃ። ከዚያ አንዱ «ጎበዝ ስለሆንኩ ነው» ይላል፣ ሌላው ደግሞ ቤቱ ገብቶ «እኔ እኮ አልረባም» ብሎ ይቆዝማል። ሁለቱም ተሳስተዋል! የእኛ አገር ልጆች ደግሞ ሁለተኛውን ስሜት ይወዱታል መሰለኝ፣ አንድ «አይሆንም» ሲመጣ ከሙያው ጨርሶ ይወጣሉ።

የተቀጠራችሁትም ቢሆን እረፉ። ኤሰንደን በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1898፣ የሊጉ የመጀመሪያ ዋና ፍጻሜ ሲደረግ እንደገና እዚያ ደርሶ በፊትዝሮይ ክለብ 38 ለ 23 ተሸነፈ። ያቺ የአንድ ጎል ዋንጫ ለዓመቱ ዋስትና አልሆነችውም።

ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን ሜልበርን ነው። ምንም የሚያገኘው ነገር ሳይኖር መጥቶ የወደፊቱን ሻምፒዮን ጉድ ሊያደርገው ነበር እኮ። ጊዜያዊ ኮንትራት ላይ ያላችሁ፣ የመጨረሻውን ወር «ከእንግዲህ ምን አገባኝ» ብላችሁ የምትጨርሱ፣ ይህንን ጨዋታ አስቡልኝ። አለቆች ያንን ወር ነው የሚያስታውሱት። ስልክ ተደውሎ «ይህ ልጅ እንዴት ነው?» ሲባሉ ከአፋቸው የሚወጣው እሱ ነው።

እና ሥራ ስትከለከሉ ዝም አትበሉ። በማግስቱ አጭር ኢሜይል ጻፉ፣ አመስግኑ፣ የት እንደጎደላችሁ ጠይቁ። ግማሾቹ አይመልሱም፣ አይድነቃችሁ። እኛ ኮሚቴ ውስጥ ግን የጠየቀ ልጅ ስሙ አይረሳም ነበር። የተቀጠረው ሰው በሦስተኛው ወር ሲለቅ፣ ይህም ብዙ ጊዜ ይሆናል፣ አዲስ ማስታወቂያ ከማውጣት ይልቅ መጀመሪያ የሚደወለው ለዚያ ለሁለተኛው ልጅ ነበር።