ጥያቄና መልስ፦ ለቤተሰብ የሚመች ሰፈር እንዴት ይታቀዳል?

የመንትዮች እናት፦ ሰፈርን ለልጆች ምቹ ማድረግ ከየት ይጀምራል? ከመጫወቻ ቦታ?

ባለሙያው፦ ከመንገዱ! ልጁ ብቻውን ሊደርስበት የማይችል መጫወቻ ለወላጅ ተጨማሪ ሥራ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና፣ ሹፌሩ አደጋውን አይቶ እስኪያቆም ከ25 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ በ30 ከሆነ ግማሹ ይበቃዋል። ትንሽ ልጅ ደግሞ የሚመጣውን መኪና ፍጥነት በትክክል አይገምትም፤ የቆመ መኪናም ይጋርደዋል። ምልክት መትከል ብቻውን ከንቱ ነው። መንገዱ ራሱ ሹፌሩን ማዘግየት አለበት፦ መስመሩ ይጥበብ፣ መታጠፊያው ጠበብ ይበል፣ መሻገሪያው ከእግረኛው መንገድ እኩል ከፍ ይበል። ኔዘርላንድስ ውስጥ ወላጆች በመኪና የሚሞቱ ልጆችን ጉዳይ ይዘው አደባባይ በወጡበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ እግረኛ የሚቀድምባቸው የመኖሪያ መንገዶች በሕግ ታወቁ። ወላጆቹም ለልጆቻቸው ታግለዋል።

አዲስ ገቢ፦ ጥሩ ከተማ ምን ይመስላል?

ባለሙያው፦ ለማን? ለስንት ዓመት ልጅ? ጥያቄውን ለይተው ይመለሱ።

ተከራይ፦ ፎቅ ላይ ልጅ ማሳደግ ይቻላል?

ባለሙያው፦ ሕንፃው ለዚያ ከታሰበ፣ አዎ። የኦስትሪያዋ ቪየና ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሴት አርክቴክቶች የነደፉት የመኖሪያ መንደር ውስጥ የሕፃን ጋሪ ማስቀመጫ፣ ሰፋፊ ደረጃዎች፣ መዋዕለ ሕፃናትና ከመስኮት የሚታይ ግቢ አለ።

ሹፌር ነኝ፦ መኪናውስ የት ይቁም? ቤተሰብ ያለ መኪና አይንቀሳቀስም።

የመንትዮች እናት፦ በመኪና የሚንቀሳቀሰው ሌላ አማራጭ ስላጣ እንጂ! ግቢያችንን የሞላው የእናንተ መኪና ነው።

ሹፌር ነኝ፦ መራመድ የማይችል ልጅ አለኝ። መኪናው ከሰፈሩ ዳር ይቁም ካላችሁ፣ ከዚያ ተሸክሜው ልምጣ?

ባለሙያው፦ ተሸክመው አይምጡ። ለእንደዚህ ያለው ልጅ በር ላይ ቦታ ይከለላል፤ የሌሎቻችን መኪና ግን ዳር ይቁም። በዚህ ይብቃችሁ፤ ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

ተከራይ፦ ኪራዩስ መቼ ይረክሳል?

ባለሙያው፦ የቤት ገበያ ሙያዬ አይደለም።

አዲስ ገቢ፦ እሺ፣ ለአምስት ዓመት ልጅ። መጫወቻው ስንት ካሬ ሜትር ይሁን?

ባለሙያው፦ አሁንም መጫወቻ! በመጀመሪያ መንገዱ ብያለሁ። ስፋቱን ይተዉት፤ ቅርበቱን ይጠይቁ። የኔዘርላንድሱ አርክቴክት አልዶ ቫን አይክ አምስተርዳም ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በየሰፈሩ ባዶ ቦታዎች ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ መጫወቻዎች ነድፏል፤ አሸዋ፣ መንጠልጠያ ብረት፣ መቀመጫ፣ ሌላ ብዙ ነገር የለም። ከሩቅ ካለ አንድ ትልቅ መናፈሻ ይልቅ በራፍ ላይ ያለው ትንሹ ቦታ በየቀኑ ይጠቅማል።

ጡረተኛ፦ እኛ አያቶችስ?

ባለሙያው፦ መቀመጫ፣ ጥላ፣ መጸዳጃ ቤት። ነፍሰ ጡሯም የምትፈልገው እሱኑ ነው።

የመንትዮች እናት፦ ነገ ለማዘጋጃ ቤቱ ምን ይዘን እንሂድ?

ባለሙያው፦ ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደውን መንገድ ከልጆቹ ጋር በእግር ሂዱ። እነሱ የሚፈሩትን መሻገሪያ ሁሉ ካርታ ላይ ምልክት አድርጉና አቅርቡ። የመጫወቻውን ነገር ከዚያ በኋላ ጠይቁኝ።