አምባዛ ቆሮሶውን ይፈጅብኛል ወይ ላሉት ወንድማችን

ጥያቄዎ «200 ካሬ ሜትር ኩሬዬ በቆሮሶ (ቲላፒያ) ተጨናንቆ ዓሣዎቹ ከመዳፍ አላልፍ አሉ፤ አምባዛ ልጨምርበት ወይስ የጫሞ ሐይቅን ነጭ ዓሣ ላስመጣ? ሁሉንም ይፈጁብኛል ወይ?» የሚል ነው። አምባዛውን ሁለት ጊዜ ሞክሬ አንድ ጊዜ ከስሬበታለሁና የማውቀውን ልጻፍልዎ።

ቆሮሶ አላድግ የሚለው መኖ ስላነሰው ብቻ አይደለም። ሴቷ እንቁላሏንና የተፈለፈሉትን ጫጩቶች በአፏ ይዛ ስለምትጠብቅ ብዙዎቹ ይተርፋሉ፤ በኩሬ ውስጥ ደግሞ ለገበያ የሚሆን ክብደት ሳትደርስ፣ ገና በጥቂት ወር ዕድሜዋ መራባት ትጀምራለች። ስለዚህ የሚጥሉት ፍሩሽካና ፋጉሎ እርስዎ ላልገዙት ትውልድ ሁሉ ይከፋፈላል፤ ሴቷም እንቁላል በአፏ በያዘችበት ጊዜ እምብዛም ስለማትበላ ዕድገቷ ይገታል።

አምባዛ ያገኘውን የሚበላ፣ ይልቁንም ሌሊት የሚያድን ዓሣ ነው። ያደነውን ዓሣ እንዳለ ስለሚውጥ ማንን ሊበላ እንደሚችል የሚወስነው የአፉ ስፋት ነው። የእኔም ስሕተት ይህን አለማመዛዘኔ ነበር፤ ጣት የሚያካክሉ የቆሮሶ ጫጩቶች ባስገባሁበት ሳምንት፣ ከሐይቅ የተያዙ ክንድ የሚያካክሉ አምባዛዎች አብሬ ለቀቅሁ። ከአራት ወር በኋላ መረብ ስጥል ያገኘሁት ጥቂት ቆሮሶና እጅግ የወፈሩ አምባዛዎች ነበር። ለእንግዳ ጥሩ ምሳ ሆኑ እንጂ የጫጩቱን ዋጋ እንኳ አልመለሱም።

በሁለተኛው ዙር ቆሮሶዎቹን አስቀድሜ አስገብቼ፣ ሁለት ወር ገደማ ካደጉ በኋላ፣ ከእነርሱ ያነሱ የአምባዛ ጫጩቶችን ለ10 ቆሮሶ አንድ በሚሆን ልክ ጨመርሁ። አምባዛው አዲስ የሚፈለፈሉትን እየለቀመ ሲያድግ ቀድመው የገቡት ለአፉ የማይመቹ ሆነው ቆዩ። የቆሮሶው ቁጥር ከቀድሞው በጣም አነሰ፤ እያንዳንዱ ግን ሳህን የሚሞላ ሆነ። ጫጩቱ ፈጽሞ አልጠፋም፤ በዳር ሣር ውስጥ የሚደበቅ ሁልጊዜ አለ። አምባዛው ራሱ በተፈጥሮው የሚራባው በክረምት ጎርፍ በሚተኛበት ሣራማ ዳር ስለሆነ፣ በተዘጋ ኩሬ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ካስገቡት ቁጥር አይጨምርም። እርስ በርሱ ስለሚበላላ ግን እኩያዎቹን መርጠው ያስገቡ፤ ከአየርም ስለሚተነፍስ ዝናባማ ሌሊት በእርጥብ መሬት እየተሳበ እንዳይወጣ ዳሩን ይጠሩት።

ነጭ ዓሣውን፣ ናይል ፐርች የሚባለውን ትልቅ አዳኝ ዓሣ፣ ይተዉት። ብዙ ኦክስጅን ያለው ውኃ ስለሚፈልግ ትንሽ ኩሬ አይመቸውም፤ አምልጦ ወደ ሌላ ውኃ ቢገባ ደግሞ የሚያደርሰው ጉዳት በቪክቶሪያ ሐይቅ ታይቷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ እዚያ ከገባ በኋላ፣ በ1980ዎቹ ቁጥሩ ሲበዛ፣ በዓለም ላይ በዚያ ሐይቅ ብቻ ይገኙ ከነበሩት ትንንሽ ዓሣዎች በርካታ ዝርያዎች ጠፍተዋል።

አሁን ባለው ኩሬዎ ላይ የአምባዛ ጫጩት ቢጨምሩ መዳፍ ያህል የደረሱትን ቆሮሶዎች ሊውጣቸው አይችልም፤ መጨናነቁም አይቃለልም። መጀመሪያ በመረብ አውጥተው አብዛኞቹን ይሽጡ ወይም ይመገቡ፤ አምባዛውን የሚያስገቡት የቀሩት ማደግ ሲጀምሩ ነው።