ኮምቦልቻ ከደሴ ስንት «ፋር» ነው?

ስለ እንግሊዝኛው «ፋር» (far፣ ሩቅ) ያልገባችሁን ጠይቁ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ደሴ ላይ እንግሊዝኛ ሳስተምር እንደዚህች አጭር ቃል ተማሪ የሚያደናብር ብዙ አላየሁም።

ጥያቄ፦ መምህር፣ «ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ይርቃል» ለማለት «ትዌንቲ ፋይቭ ኪሎሜትርስ ፋር» ብዬ ጽፌ ኤክስ ተደረገብኝ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ አብሽር፣ ብቻህን አይደለህም። ያሳሳተህ አማርኛችን ነው። «ይርቃል» ቁጥር ብታስቀድምበት ቅር አይለውም። «ፋር» ግን ከቁጥር ጋር አይስማማም። ቁጥር ካለህ «አዌይ» በል፦ «ትዌንቲ ፋይቭ ኪሎሜትርስ አዌይ»። ቁጥሩን ስትጠይቅ ነው «ፋር» የሚያስፈልግህ፦ «ሀው ፋር ኢዝ ኮምቦልቻ?» አንዴ የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ ስንወርድ ረዳቱ ለአንድ ፈረንጅ «ቴን ሚኒት ፋር» አለው። ሰውዬው በደንብ ገባው። ፈተና ላይ ግን ነጥብ ያስቀንሳል።

ጥያቄ፦ «ኢት ኢዝ ፋር» ብልስ?

መልስ፦ ስህተት አይባልም፤ ግን ጎደል ይላል። የቋንቋው ባለቤቶች እንዲያ ሲሆን «ኤ ሎንግ ዌይ» ማለት ይቀናቸዋል። «ፋር» በጥያቄና በአሉታ ይመቸዋል፤ «ቱ» (too) ሲቀድመውም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ «ሶ ፋር» በጣም ሩቅ ማለት አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አንዳንዴ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን «እስካሁን» ነው። አንዲት ተማሪዬ «ሶ ፋር ሦስት ምዕራፍ አንብቤያለሁ» የሚለውን «በጣም ሩቅ ሦስት ምዕራፍ አንብቤያለሁ» ብላ ተረጎመችው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ እሷም አብራ ሳቀች። ነገሩ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። «እስከ» ራሱ ለቦታም ለጊዜም ይሆናል፦ እስከ ወልዲያ፣ እስከ ማታ። «አዝ ፋር አዝ»ም እንደዚያው ነው። «አዝ ፋር አዝ ወልዲያ» እስከ ወልዲያ፤ «አዝ ፋር አዝ አይ ኖው» እስከማውቀው። እንዲህ ልክክ ብሎ የሚገጥም ትርጉም ሲገኝ ደስ ይላል።

ጥያቄ፦ «ፋርዘር» (farther) እና «ፈርዘር» (further)?

መልስ፦ ለመንገድ ሁለቱም ይሆናሉ። «ተጨማሪ» ለማለት ግን «ፈርዘር» ብቻ።

ጥያቄ፦ «ቬሪ ቤተር» አይባልም አሉኝ። ታዲያ ምን ልበል?

መልስ፦ «ፋር ቤተር» በል፤ በብዙ ይሻላል እንደማለት ነው። «ቬሪ» ከማወዳደሪያ ፊት አይገባም። «ባይ ፋር ዘ ቤስት» ካልክ ደግሞ የሚደርስበት የለም ማለት ነው። «ፋር ፍሮም ኢዚ» ሲሉህ ቀላል ነው መስሎህ እንዳትሸወድ፤ ጭራሽ ቀላል አይደለም እያሉህ ነው።

ጥያቄ፦ ልብ ወለድ ሳነብ «ፍሮም አፋር» የሚል አገኘሁ። ጎረቤቶቻችን እዚያ ምን ያደርጋሉ?

መልስ፦ ይቺን ወደድኳት። «ከሩቅ» ማለት ነው፤ ከሕዝቡ ስም ጋር ዝምድና የለውም። የመጀመሪያውን ፊደል እይ። ትንሿ «ኤ» ከሆነች ሩቅ ነው። ትልቁ ከሆነ ከባቲ ወዲያ ነው።