«ላንተ ብቻ እንከፍልሃለን፤ ፊርማህን አንሳ»

ይድረስ ለእትዬ፣

የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ ኳስ የለመድኩት ደቻቱ አሸዋ ላይ ነው። አሁን ከከተማችን ውጪ ያለ ክለብ አምበል ነኝ። ደመወዝ ካየን አራት ወር አልፎናል፤ በጠየቅን ቁጥር መልሱ «በጀት አልተለቀቀም» ነው። ለፌዴሬሽኑ አቤቱታ ስንጽፍ አሥራ ሰባት ሰው ፈረመ፤ የእኔ ስም ከላይ ነው። ሰሞኑን ሥራ አስኪያጁ ለብቻዬ ጠርቶ «ያንተን ውዝፍ በሙሉ እንከፍልሃለን፤ ፊርማህን አንሳ፤ ለማንም እንዳትናገር» አለኝ።

ባለቤቴ ሳቢያን በተከራየነው ቤት ሁለት ልጆች ይዛ በዱቤ ትኖራለች። አጎቴ «ክለቡ የመንግሥት ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመትህ ነው፤ ከሳሽ የሚል ስም ከወጣልህ ማን ያስፈርምሃል?» ይሉኛል። ብሩን ብቀበል ከሃዲ ነኝ?

አምበሉ

ልጄ፣

የሠራህበትን ደመወዝ መቀበል ክህደት አይደለም። ክህደቱ ያለው ሰውዬው ከደመወዝህ ጋር ባሰረው ነገር ላይ ነው። ደግሞስ ላንተ የሚከፈል ከተገኘ፣ በጀት የለም ያለው ምን ሊሆን ነው? ሳያስበው ጥሩ ማስረጃ ሰጥቶሃል። «በባንክ ሒሳቤ አስገቡልኝ፣ እቀበላለሁ፤ ፊርማዬን ግን አላነሳም» በለው። በእጅ የሚሰጥህን ብር አትንካ፤ «ከክለቡ ጋር ተጠናቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ላይም እንዳትፈርም።

የአጎትህ ስጋት ባዶ አይደለም። አሜሪካዊው የቤዝቦል ተጫዋች ከርት ፍለድ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ክለቡ ሴንት ሉዊስ ሳያማክረው ለፊላደልፊያ አሳልፎ ሲሰጠው አልሄድም ብሎ ከሰሰ። በዓመት 90 ሺህ ዶላር ገደማ የሚያገኝ ሰው ነበር። የተጫዋቾች ማኅበሩ የጠበቃ ወጪውን ቻለለት፤ ነገር ግን ክርክሩ ሲሰማ ገና በመጫወት ላይ ካሉት አንድም ሰው ችሎት አልተገኘም። ከመሰከሩለት መካከል ኳሱን ካቆመ የቆየው ጃኪ ሮቢንሰን ነበር። በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 3 ፈረደበት፤ የተጫዋችነት ዘመኑም ቀድሞ አብቅቶ ነበር። በ1975 ማብቂያ ላይ ሌሎች ሁለት ተጫዋቾች በገላጋይ ዳኛ ፊት ሲረቱ፣ ውሉን የጨረሰ ተጫዋች ወደ መረጠው ክለብ የሚሄድበት በር ተከፈተ። ለፍለድ ግን አልደረሰለትም። የሁለት ልጆች አባትን እንደ እሱ ሁን አልልም፤ ጭካኔ ነው። እሱ ችሎት ውስጥ ያጣቸውን ባልደረቦች ግን አንተ በፊርማ ይዘሃቸዋል።

እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ጊዜው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የደመወዝ ጥያቄ፣ ክፍያው ከሚገባበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ውድቅ ይሆናል። «ትንሽ ታገሡ» የሚሏችሁ ሰዎች ይህን ሳያውቁ አይቀሩም። አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ካመነ ግን ይርጋው ይቋረጣል። ስለዚህ የእያንዳንዳችሁን ውዝፍ በየወሩ የሚዘረዝር፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ጠይቁ። እምቢ ካሉ ውላችሁን ይዛችሁ የሠራተኛ ጉዳይ የሚያውቅ ጠበቃ ዘንድ ሂዱ፤ ለፌዴሬሽኑ ያስገባችሁት አቤቱታ ብቻውን ይርጋውን ያቆመው እንደሆነ እሱ ይንገራችሁ። በፊፋ ደንብም ሁለት ወር ያልተከፈለው ተጫዋች በጽሑፍ አስጠንቅቆ ቢያንስ 15 ቀን ከሰጠ በኋላ በበቂ ምክንያት ውሉን ሊያቋርጥ ይችላል። የማቋረጥ ሐሳብ ባይኖራችሁም ማስጠንቀቂያውን አሁኑኑ ጻፉ።

ለባለቤትህ ስለ ብሩ ነግረሃታል? ደብዳቤህ አይልም። ባለሱቁን ፊት ለፊት የምታየው እሷ ናት፤ ከእኔ በፊት እሷ ትስማው።

ከዚያ የቡድን ጓደኞችህን ሰብስብና የተባልከውን ንገራቸው። ዝም ካልክ ሥራ አስኪያጁ ራሱ «አምበላችሁ ተቀብሏል» ብሎ ያስወራብሃል። እንደምገምተው ደግሞ ሹክ ያለው ላንተ ብቻ አይደለም። አንገቱን የሚደፋ ካየህ አትቆጣው፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳለው ጠይቀህ ቀኑን ጨምረህ መዝግበው። ጠበቃው ይፈልገዋል።