ሚግሬሽን «ስደት» ይባላል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ኮምቦልቻ ነኝ፤ ማታ ማታ ለወጣቶች የድረ ገጽ ሥራ አስተምራለሁ። የምንጠቀመው ጃንጎ የሚባለውን ፍሬምወርክ፣ ማለትም ድረ ገጽ የሚሠራበትን ዝግጁ የኮድ መዋቅር ነው፤ ላራቬል የሚባለውን ሌላ ፍሬምወርክ የሚሞክሩም አሉ። ማስተማሪያውን በአማርኛ ላዘጋጅ ብዬ ተነሳሁና ቃላቱ እጅ እግሬን አሰሩኝ። አንድ ባልደረባዬ «ሁሉም መተርጎም አለበት፤ ግማሽ እንግሊዝኛ አማርኛ አይባልም» ብሎ ዝርዝር ሰጠኝ። ፍሬምወርክ «ማዕቀፍ»፣ ራውት «መስመር»፣ ሚድልዌር «መካከለኛ ዕቃ»፣ ቪው «እይታ»፣ ሚግሬሽን «ስደት» ይላል። እንደዚያው ጻፍኩ፤ ተማሪዎቼ ሳቁብኝ። አንዱ ዓረፍተ ነገር ይኸውልዎ፦ «ማዕቀፉ ስደቱን ካስኬደ በኋላ ጥያቄው በመካከለኛው ዕቃ አልፎ በመስመሩ ወደ እይታው ይሄዳል።» ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ተማሪዎችህ አይፈረድባቸውም። ወሎ ቁጭ ብለህ «ስደቱን አስኪደው» ብትል ማን ኮምፒውተር ትዝ ይለዋል? ስደት እዚህ የየቤቱ ወሬ ነው። በጅቡቲ አድርጎ፣ የመንን አቋርጦ ሳዑዲ ለመግባት የወጣ ልጅ፣ ስልኩ የጠፋባት እናት፣ ተመልሶ የመጣ ጎረምሳ ነው በሰው ዓይን የሚመጣው። እንዲህ የከበደ ቃል ለፋይል ስም አይሆንም።

ደግሞም ትርጉሙ አይገጥምም። ስደት ከ«ሰደደ» የወጣ ነው። ውስጡ መባረር አለ፣ መገፋት አለ፣ አገር መልቀቅ አለ። የእንግሊዝኛው ቃል ሰፊ ነው፤ ወፎች ወቅት ጠብቀው ሲመላለሱም ያንኑ ይላቸዋል። በፍሬምወርክ ውስጥ ደግሞ ማንም የትም አይሄድም። አንተ እንደምታውቀው፣ ሚግሬሽን በመረጃ ቋቱ ሠንጠረዦች ላይ የሚደረገውን ለውጥ የያዘ ፋይል ነው። ትናንት «ስልክ ቁጥር» የሚል ዓምድ አልነበረም፤ ዛሬ ጨመርክ። ያን መጨመር ሚግሬሽኑ ይመዘግበዋል። ፋይሎቹ ተራ አላቸው፤ አንዱ በሌላው ላይ ይቆማል። አብዛኛውን ጊዜ ወደኋላም መመለስ ይቻላል። ታዲያ ይሄ የት አገር ስደት ነው?

የኔ ምክር «ሚግሬሽን» በለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጠቅሰው ብቻ «የሠንጠረዥ ለውጥ መዝገብ» ብለህ ፍታው፤ ከዚያ በኋላ ተወው። «ሽግግር» ያሉ አይቻለሁ። ከስደት ይሻላል፤ ግን ሰው ወዲያው «የሽግግር መንግሥት» ይላል። ከአሮጌ ሲስተም ወደ አዲስ ሲስተም መረጃ ስታጓጉዝ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ «መረጃውን ማዛወር» ጥሩ አማርኛ ነው። እንግሊዝኛው ለሁለቱም አንድ ቃል ስላለው እኛም አንድ ቃል ይኑረን የሚል ሕግ የለም።

የባልደረባህ ዝርዝር ችግሩ ከዚሁ ላይ ነው። መዝገበ ቃላት ከፍቶ የእንግሊዝኛውን ቃል ተረጎመ፤ ነገሩ የሚሠራውን ሥራ አላየም። ቪውን ውሰድ። ነገሩ ከሩቅ ይመጣል። ትሪግቬ ሬንስካውግ የሚባል የኖርዌይ ሰው እ.ኤ.አ. በ1979 በዜሮክስ የምርምር ማዕከል ሳለ ሞዴል፣ ቪውና ኮንትሮለር የሚለውን አከፋፈል አመጣ። እዚያ ሞዴል መረጃውን ይይዛል፣ ኮንትሮለር የተጠቃሚውን ትእዛዝ ተቀብሎ ያስተናግዳል፣ ቪው ደግሞ ለተጠቃሚው ዓይን የሚቀርበው ክፍል ነው። ላራቬልም ሩቢ ኦን ሬይልስ የሚባለው ፍሬምወርክም ይህንኑ ይዘዋል። ስለዚህ ላራቬል የሚማር ልጅ «እይታ» ቢባል ብዙ አይሳሳትም።

ጃንጎ ግን ቃሉን ገለበጠው። በጃንጎ ቪው ማለት ጥያቄ ተቀብሎ ምላሽ የሚሰጠው ፋንክሽን፣ ማለትም አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል ነው። ሌሎቹ ኮንትሮለር ከሚሉት ጋር ይቀራረባል። ለዓይን የሚቀርበውን ጃንጎ ቴምፕሌት ይለዋል። የጃንጎ ሰዎች ክርክራቸው ይህ ነው፦ ቪው የትኛው መረጃ እንደሚታይ ይወስናል፤ እንዴት እንደሚታይ የሚወስነው ቴምፕሌቱ ነው። አሁን «እይታ» ብለህ ስትጽፍ የቱን ማለትህ ነው? ተማሪው እይታ ሲባል ቀለሙንና ቁልፉን ይፈልጋል፤ የሚያገኘው ፓይተን በሚባለው ቋንቋ የተጻፈ ኮድ ነው። ስለዚህ «ቪው» ብለህ ተወውና በጃንጎ ምን እንደሚሠራ በአማርኛ አስረዳ። ቴምፕሌትን ግን «አብነት» ማለት ትችላለህ። ሰው አብነቱን አይቶ የራሱን ይሠራል፤ ፋይሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የአብነት ትምህርት ቤትን ያስታውሳል የሚል ስጋት ካለህ አትስጋ፤ አገባቡ ይለየዋል።

ራውት የመጣውን የድረ ገጽ አድራሻ ወደሚመለከተው ኮድ የሚመራ ነው፤ «መስመር» ማለቱ በመጀመሪያ ሲታይ ሸጋ ነው። «የደሴ ኮምቦልቻ መስመር» እንላለን፤ ሚኒባሱም መስመሩን የሚናገር ታፔላ አለው። ግን አንድ ቀን ክፍል ውስጥ «መስመር 12 ላይ ስህተት አለ» ማለትህ አይቀርም። የኮድ መስመር ማለትህ ነው። ሁለቱ መስመሮች ይጋጫሉ። «መንገድ» የሚለውም በፋይል አድራሻ ላይ ስለሚያስፈልግህ እዚህ አትፍጀው። «ራውት» ይሁን። አደራህን ግን «ሩት» ብለህ አትጻፍ። እንግሊዞች እንዲህ ቢሉትም በፊደላችን ሲጻፍ ከሌላው ሩት፣ ማለትም ከዋናው ማውጫ ጋር አንድ ይሆናል። ከሴት ስም ጋር መምታታቱንማ አናንሳው።

«መካከለኛ ዕቃ» የሚለውን ሳይ እኔም ሳቅኩ፤ አልደብቅህም። መካከለኛ ለልብስ ቁጥር ነው። ሚድልዌር ዕቃም አይደለም። ከአሳሹ የመጣው ጥያቄ ቪው ጋ ከመድረሱ በፊት የሚያልፍበት ነው። አንዱ ሰውየው በስሙና በይለፍ ቃሉ ገብቷል ወይ ብሎ ያያል። ሌላው የተላከው ቅጽ ከራሳችን ገጽ የመጣ ነው ወይስ ከአጭበርባሪ ብሎ ይፈትሻል። ካልጣመው ከዚያው ይመልሰዋል። ምላሹም ሲወጣ በዚያው በኩል ነው፤ ጃንጎ ላይ ሲገባ ከላይ ወደ ታች የተደረደሩት ሲወጣ ከታች ወደ ላይ ይሆናሉ። ይህን ለወሎ ልጅ ለማስረዳት ከ«ኬላ» የተሻለ ቃል አላገኘሁም። ኬላ ስትሄድም ስትመለስም ታልፍበታለህ፤ ፈታሹ ያሳልፍሃል ወይ ያስቆምሃል። ስሙ ኬላ ይሁን እያልኩ ግን አይደለም። ሚድልዌር ብለህ ጻፍ፤ ክፍል ውስጥ ኬላ ብለህ አስረዳ። ተማሪዎቹ ራሳቸው «ኬላው መለሰኝ» ማለት ከጀመሩ ያን ጊዜ ጻፍልኝ፤ ሐሳቤን እቀይራለሁ።

«ማዕቀፍ» ላይ ከባልደረባህ ጋር እስማማለሁ። «የሕግ ማዕቀፍ»፣ «የፖሊሲ ማዕቀፍ» እያልን የለመድነው ቃል ነው። ሥሩ ዐቀፈ ነው፤ በኮምፒውተር «አቃፊ» የምንለውም ከዚያው ነው። አንድ ነገር ብቻ ጨምርበት። ላይብረሪ ማለት አንተ ስትፈልግ የምትጠራው ኮድ ነው። ፍሬምወርክ ደግሞ የአንተን ኮድ እሱ ይጠራዋል። ተራውን የሚይዘው እሱ ነው፤ አንተ ክፍተቱን ትሞላለህ። ማዕቀፍ የሚለው ቃል ይህን ጠሪነት አይናገርም፤ ስለዚህ አንተ ተናገርለት። ማዕቀፍም በል ፍሬምወርክም በል፣ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ግን አንዱን ያዝ።

ሞዴልን ባልደረባህ ሳይነካው ማለፉ ደግ ሆነ። አማርኛ ሞዴልን ድሮ ተቀብሎታል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል የሠራ ሰው «ሞዴል 19» እና «ሞዴል 22» ሲባል ያውቃል፤ በአንዱ ዕቃ ገቢ ይሆናል፣ በሌላው ወጪ። የታወቁ ዓምዶች ያሉት ቅጽ ማለት ነው። በፍሬምወርኩም ሞዴል የአንድ ሠንጠረዥ ዓምዶች ምን ምን እንደሆኑ የሚናገር ክላስ ነው። ሞዴል ተማሪና ሞዴል አርሶ አደር ከሚሉት ይልቅ የንብረት ክፍሉ ሞዴል ይቀርበዋል። ሰርቨርንም «አገልጋይ» አትበለው። «አገልጋዩ ወደቀ» ስትል ሰው ደንግጦ ለማንሳት ይሮጣል።

አሁን ወደ ባልደረባህ ዋና ነቀፋ ልምጣ። «ግማሽ እንግሊዝኛ አማርኛ አይባልም» ብሏል። እኔ እንደሱ አላስብም። ኮምቦልቻ ካለህ ወደ አንዱ ጋራዥ ጎራ በልና አድምጥ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። መሪና ዘይት ግን ድሮም የነበሩን ቃላት ናቸው። ይህን የደለደለ ኮሚቴ የለም። መካኒኩ የሚያውቀው ነገር ሲሆን የሚያውቀውን ቃል ሰጠው፤ አዲስ ሲሆንበት ከነስሙ ተቀበለው።

ወሎ ደግሞ በዚህ የታወቀ ነው። ከዐረብኛ የመጣውን «ዘየረ» ተመልከት። ዘየረ፣ ይዘይራል፣ ዘያሪ እያልን እንደ ራሳችን ግስ እናረባዋለን።  «ዱዓ» ግን ግስ አልሆነም፤ «ዱዓ አደረገ» ብለን «አደረገ»ን አስደገፍነው። የአንተ ተማሪዎች ድረ ገጹን ሥራ ላይ ሲያውሉ «ዲፕሎይ አደረግኩት» ሲሉ የሚሄዱት በዚያው መንገድ ነው። አማርኛ ሲበደር ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ይሄ ነው፤ ስሙን ወስዶ ግሱን ከራሱ ያወጣል። ግሱ፣ መስተዋድዱ፣ የዓረፍተ ነገሩ ጉልበት አማርኛ እስከሆነ ድረስ ጽሑፉ አማርኛ ነው።

የሚያበላሸው ሌላ ነው። «ሞዴልሶች»፣ «ኩኪስዎች» የሚል ጽሑፍ ያጋጥመኛል። የእንግሊዝኛውን ብዙ ቁጥር ይዞ የአማርኛውን መጨመር ነው። ሞዴሎች፣ ኩኪዎች፣ ራውቶች ይበቃል። ሁለተኛው የስም አጻጻፍ ነው። ጃንጎ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ከፊቱ የማይነበብ ፊደል አለበት፤ «ድጃንጎ» ብለው የሚጽፉ አሉ። ስሙ የተወሰደው ከጊታር ተጫዋቹ ከጃንጎ ራይንሃርት ነው፤ የሚነበበውም «ጃንጎ» ተብሎ ነው። አንተ ትክክል ጽፈኸዋል።

አንድ ቦታ ግን ምንም የማልደራደርበት አለ። ይህ ሁሉ ፈቃድ ለባለሙያው ነው። ቅጹን የምትሞላው የሐይቅ ከተማ ነጋዴ ሴሽን ምን እንደሆነ የማወቅ ግዴታ የለባትም። «ሴሽኑ ኤክስፓየር አድርጓል» ብለህ አታስጨንቃት። «ሳይጠቀሙ ስለቆዩ ገጹ ተዘግቷል፤ እባክዎ እንደገና ይግቡ» በላት። «ቫሊዴሽን ኤረር» ሳይሆን «ስልክ ቁጥሩ ይጎድላል»። ገጹ ሲጠፋም 404 ብቻውን ምን ይነግራታል? «የፈለጉት ገጽ አልተገኘም» ይባል። አንቱታውንም አትርሳ። እነዚህን ፍሬምወርኮች እየጫኑ የእንግሊዝኛውን የስህተት መልእክት እንዳለ የሚተዉ ሰዎች ያናድዱኛል። ጃንጎም ላራቬልም ለተጠቃሚ የሚታየውን ጽሑፍ ለይተህ የምትተረጉምበት ስፍራ አላቸው። የባልደረባህ ጉልበት እዚያ ቢውል እንዴት ባማረ!

በመጨረሻ ዓረፍተ ነገርህን እንዲህ ብትጽፈውስ፦ «መጀመሪያ ሚግሬሽኖቹን በመረጃ ቋቱ ላይ ተግብር። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ሁሉ በሚድልዌሩ ያልፋል፤ ጃንጎ ከአድራሻው ጋር የሚገጥመውን ራውት ፈልጎ ቪውን ይጠራል፤ ቪውም ምላሽ ይሰጣል።» «ምላሽ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። «መልስ» ብትል የሱቅ መልስም የሠርግ መልስም አለ። «ጥያቄ» ግን ሪኩዌስትን ያለ ችግር ይሸከማል፤ እሱን አትንካው።